በ21 ዓመት የመኪና ኢንሹራንስ ለምን ይወደዳል? በምንስ ይወርዳል?

ጥያቄ፦ «21 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ ከወላጆቼና ከታናሽ ወንድሜ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እንኖራለን። አዲስ አበባ በ18 ዓመቴ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ የአባቴን መኪና እነዳ ነበር፤ የቨርጂኒያውን ካወጣሁ ግን ገና ስምንት ወሬ ነው። ቀን በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ እማራለሁ፤ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። የ2018 ኪያ ፎርቴ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ልገዛ ስል ለኢንሹራንስ በስድስት ወር 2,480 ዶላር ጠየቁኝ። አንዱ በአባትሽ ስም ብቻ አድርጊው ይለኛል፤ ሌላው ከከተማ ርቆ የሚኖረውን አጎትሽን አድራሻ ስጪ ይለኛል፤ ሦስተኛው ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛውን ገዝተሽ ተገላገዪ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የሦስቱንም አትስሚ። ሁለቱ ለኩባንያው ሐሰት እንድትናገሪ የሚመክሩ ናቸው። ሦስተኛው ዛሬ ጥቂት መቶ ዶላር ያስቀርልሻል፤ አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ ግን ነርስ ሆነሽ የምትቀበዪውን ደመወዝ ሳይቀር ያስይዝሻል። እኔ በዚሁ በሰሜን ቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ፤ የአንቺን ዓይነት ጥያቄ የሚያመጡ ወጣቶችና ወላጆች ብዙ ናቸው። ይህን ዋጋ በሕጋዊ መንገድ ማውረድ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ መንገዱ ግን የተነገረሽ ተቃራኒ ነው። ኩባንያው ከዚያ ገንዘብ ብዙውን የጠየቀሽ ስለ አንቺ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ነው። እውነቱን በማስረጃ ስታሟዪለት ይቀንሳል።

ምን እንደሚያዩ ልንገርሽ። አይ.አይ.ኤች.ኤስ. የሚባለው፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የመንገድ ደኅንነት ተቋም እንደሚያሳየው፣ በተነዳው ማይል ሲሰላ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሹፌሮች ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚያጋጥማቸው 20 ዓመት ከሞላቸው ሹፌሮች በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አንቺ ያን ዕድሜ አልፈሻል። ይሁን እንጂ ኩባንያዎቹ ከዕድሜ ጋር የልምድ ዘመንን ይቆጥራሉ፤ በመዝገባቸው አንቺ ስምንት ወር ብቻ የነዳሽ ሰው ነሽ። ከዚህ በፊት በስምሽ ኢንሹራንስ አልነበረሽም። የብድር ታሪክሽ ገና ጀማሪ ነው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ኩባንያዎች ዋጋ ሲያወጡ የብድር ታሪክን እንዲያዩ ይፈቀድላቸዋል። በዚያ ላይ የመረጥሽው መኪና ሌቦች የሚፈልጉት ዓይነት ነው። እነዚህ አራት ነገሮች ተደምረው ነው 2,480 ዶላር የሆኑት፤ እያንዳንዳቸው መፍትሔ አላቸው።

በአዲስ አበባው መንጃ ፈቃድሽ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ዋጋ የለውም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚቆጥሩት አሜሪካ ውስጥ የተነዳበትን ጊዜ ነው። በሌላ አገር የተገኘን ልምድ በሙሉም ሆነ በከፊል የሚቀበሉ ግን አሉ፤ ሁሉንም መጠየቅ ያለብሽም ለዚህ ነው። የመንጃ ፈቃዱን ቅጂና የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ያዢ። የአባትሽ መኪና አዲስ አበባ በስምሽ ጭምር ኢንሹራንስ ከነበረው፣ ካሳ ጠይቃችሁ እንደማታውቁ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዚያው ኩባንያ አስጽፊ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ የተሰጠበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ በትርጉሙ ላይ ሁለቱም ዘመን ይስፈር። በ2015 ዓ.ም. የወጣን መንጃ ፈቃድ እዚህ ያለ ሠራተኛ እንደ አሜሪካው 2015 ካነበበው፣ በአሥር ዓመትሽ መንዳት ጀምረሻል ማለት ይሆንና ወረቀቱ ሐሰተኛ ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ምክንያት ትክክለኛ ማስረጃ ሲወድቅ በጣም ያሳዝናል።

አሁን ወደ አባትሽ ስም እንምጣ፤ እዚህ ላይ የተፈቀደውና ያልተፈቀደው አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። መኪናሽ በአባትሽ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ላይ እንደ ሁለተኛ መኪና ቢጨመርና አንቺ የዚያ መኪና ዋና ሹፌር ተብለሽ ብትመዘገቢ ፍጹም ሕጋዊ ነው፤ ለአንቺ ቤተሰብም ብዙውን ጊዜ ትልቁ ቅናሽ ይኸው ነው። ሁለት መኪና በአንድ ፖሊሲ መሆኑ ያስቀንሳል፤ የአባትሽ የቆየ የመንዳት ዘመንና የብድር ታሪክም ይደግፍሻል። መኪናው በአንቺ ስም የሚመዘገብ ከሆነ አንቺም በፖሊሲው ላይ ባለ መብት ሆነሽ ስምሽ ይግባ። እንዲህ ሲሆን በስምሽ የኢንሹራንስ ታሪክ መቆጠር ይጀምራል፤ ወደፊት ለብቻሽ ስትወጪ ከዜሮ አትነሺም።

የማይፈቀደው አባትሽን ዋና ሹፌር ብሎ አንቺን መደበቅ ነው። ማመልከቻው በቤቱ ውስጥ ያለውን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ መኪናውን ባይነዳም ስሙ መነገር አለበት። አንቺ ሳትጠቀሺ አደጋ ብታደርሺ ኩባንያው ያልተከፈለውን ልዩነት ወደ ኋላ ሄዶ ሊያስከፍል፣ ካሳውን ሊከለክል ወይም ውሉን ከመነሻው ሊሰርዝ ይችላል። የተሰረዘ ውል ደግሞ የአባትሽም ታሪክ ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩበት፦ በአንድ ፖሊሲ ስትሆኑ የአንቺ ቅጣትና አደጋ የእርሳቸውንም ዋጋ ያንራል። አባትሽ በኡበር ወይም በሊፍት ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ከሆነም ወኪሉ ያንን አስቀድሞ ይወቅ፤ የግል ፖሊሲ ለዚያ ሥራ የተለየ ተጨማሪ ውል ይፈልጋል።

የአጎትሽ አድራሻ የባሰ ነው። ኩባንያው ዋጋ የሚያወጣው መኪናው በሚያድርበት ሰፈር ዚፕ ኮድ (የአካባቢ መለያ ቁጥር) ነው። አደጋ ሲደርስ መኪናው ከየት እንደተጎተተ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደምትማሪና እንደምትሠሪ ሁሉም ይታያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላም ጣጣ አለ፦ የመኪና የንብረት ግብር የሚከፈለው መኪናው በመደበኛነት ለሚቆምበት ከተማ ወይም ካውንቲ ነው። አሌክሳንድሪያ እያደረ ሌላ ካውንቲ የተመዘገበ መኪና ከኢንሹራንሱ ጋር ከከተማው ግብር ሰብሳቢም ያጋጭሻል።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል፤ ቅን ሰዎች በቅንነት የሚሰጡት ምክር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር (ጃንዋሪ) 2025 መግቢያ ጀምሮ የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ተጎጂ 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000 ዶላር፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ይህ ላያቢሊቲ የሚባለው ክፍል ነው፤ የሚከፈለው አንቺ ለጎዳሻቸው ሰዎች እንጂ ለአንቺ መኪና አይደለም። ዛሬ አይ-395 አውራ ጎዳና ላይ ከፊትሽ የሚሄደው መኪና ብቻውን ከ25,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ መሆኑ የተለመደ ነው። ሁለት መኪና ብትመቺስ? ሰው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገውስ? ከፖሊሲው በላይ ያለውን ዕዳ ፍርድ ቤት በአንቺ ላይ ይፈርዳል፤ ነርስ ሆነሽ ሥራ ስትጀምሪ ከደመወዝሽ ሊቆረጥ ይችላል።

ስለዚህ ላያቢሊቲውን በዚያው ቅደም ተከተል ወደ 100,000፣ 300,000 እና 100,000 ከፍ አድርጊው ብዬ እመክርሻለሁ። የዋጋው ልዩነት ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን አስጽፊና ራስሽ አወዳድሪ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭሽ የሚከፍልልሽ ክፍልም በቨርጂኒያ ፖሊሲ ውስጥ አብሮ ይገባል፤ ላያቢሊቲው ከፍ ሲል እርሱም አብሮ ከፍ ማለቱን አረጋግጪ። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላም ጥቅም አለ፦ ብዙ ኩባንያዎች አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ከዚህ በፊት ምን ያህል ላያቢሊቲ እንደነበረው ያያሉ፤ ዝቅተኛውን ይዞ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠየቃል። ዛሬ ቆጠብሽ የተባለው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

«ለዲ.ኤም.ቪ. (ለመንጃ ፈቃድና መኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) 500 ዶላር ከፍለሽ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ትችያለሽ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ያ አሠራር ከሐምሌ 2024 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለ ኢንሹራንስ የተገኘ ሰው 600 ዶላር ይከፍላል፤ ለሦስት ዓመትም ኤስ.አር-22 የሚባለውን የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ያ ወረቀት ያለበትን ወጣት በደህና ዋጋ የሚቀበል ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው።

መቆጠብ የሚቻለው የራስሽን መኪና በሚሸፍነው ክፍል ላይ ነው። ይህ በሁለት ይከፈላል፦ ኮሊዥን የግጭት ጉዳት ነው፤ ኮምፕረሄንሲቭ ደግሞ ስርቆት፣ በረዶ፣ የተሰበረ መስተዋትና በዚህ አገር በየመንገዱ የሚዘለው አጋዘን ነው። ሁለቱም ዲዳክቲብል አላቸው፤ ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት አንቺ ከኪስሽ የምታዋጪው ገንዘብ ማለት ነው። የኮሊዥኑን ዲዳክቲብል ከ500 ወደ 1,000 ዶላር ስታሳድጊ ዋጋው ይወርዳል። ለምሳሌ በስድስት ወር 90 ዶላር ቢቀንስልሽ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የጨመርሽውን 500 ዶላር መልሰሻል ማለት ነው። ይህን የምታደርጊው ግን 1,000 ዶላሩ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከሌለሽ አደጋ በደረሰ ማግስት መኪናሽ ጋራዥ ቆሞ ወደ ሥራ የምትሄጂበት ታጫለሽ።

ኮሊዥኑን ጨርሶ ላስወጣው ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ የአካባቢያችንን ሕግ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲ.ሲ. በአሜሪካ ጥቂት የቀሩትን ጥብቅ ሕግ የያዙ ናቸው፦ በመኪኖች ግጭት ጥፋቱ በአብዛኛው የሌላው ሹፌር ቢሆን እንኳ አንቺ ትንሽ ጥፋት ካለብሽ ከእርሱ ኢንሹራንስ ምንም ላታገኚ ትችያለሽ። የሌላው ወገን ጠበቃ አንድ በመቶ ጥፋት ያንቺ ነው ብሎ ካሳመነ በቂ ነው። በሌላ ክፍለ ሀገር ዘጠና በመቶውን የምታገኝ ልጅ እዚህ ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች። በዚያ ጊዜ መኪናሽን የሚያሠራልሽ የራስሽ ኮሊዥን ብቻ ነው። እኔ ሕይወቷ በመኪናው ላይ ለተመሠረተ ተማሪ ኮሊዥን አላስወጣም፤ መኪናው አርጅቶ የኮሊዥኑ የዓመት ክፍያ ከመኪናው ዋጋ አንድ አሥረኛ ሲያልፍ ግን ማስወጣቱ ያዋጣል።

ስለ መኪናው በግልጽ ልናገር፦ ይህን ኪያ ከመግዛትሽ በፊት ቆም በዪ። ከ2011 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት የተሠሩ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች፣ በተለይ ቁልፍ ገብቶ በመጠምዘዝ የሚነሡት፣ ኢሞቢላይዘር የላቸውም፤ ይህም ትክክለኛው ቁልፍ ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። አሰራረቁ በማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ ስርቆቱ በመላው አሜሪካ፣ እኛም አካባቢ፣ በጣም ጨመረ፤ በ2023 መጀመሪያ ስቴት ፋርምና ፕሮግረሲቭ የተባሉት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በአንዳንድ ከተሞች ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹን አዲስ መቀበል አቆሙ። አምራቾቹ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሰጥተዋል። ያገኘሽው መኪና በአዝራር የሚነሣ ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። በቁልፍ የሚነሣ ከሆነ ግን ማሻሻያው እንደተጫነለት የኪያ ሻጭ ዘንድ አስጠይቂ፤ ወረቀቱንም ለኢንሹራንሱ ላኪ።

ከሁሉ የሚሻለው ገንዘብ ሳትከፍዪ ዋጋ መጠየቅ ነው። መኪናውን ከገዙ በኋላ ኢንሹራንስ የሚጠይቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ምርጫው አልቋል። የምታስቢያቸውን የሦስት መኪኖች አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪ.አይ.ኤን. (የመኪና መለያ ቁጥር) ይዘሽ ለእያንዳንዱ ዋጋ አስወጪ። መካከለኛ ቁመና ያላቸው ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች፣ እንደ ቶዮታ ካምሪና ሆንዳ አኮርድ ያሉት፣ ለወጣት ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ በጣም ትንሽ መኪና ሰውን በደንብ አይጠብቅም፣ ጉልበተኛ ሞተር ደግሞ ዋጋውን ያንራል። አይ.አይ.ኤች.ኤስ. ዕቃዎችን ለሸማቾች ከሚመዝነው ከኮንሲውመር ሪፖርትስ ጋር ሆኖ ለወጣት ሹፌሮች የሚመክራቸውን ያገለገሉ መኪኖች ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ ተመልከቺው። ከጨረታ የመጣና ሳልቬጅ ታይትል (ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር የሚገልጽ የባለቤትነት ወረቀት) ያለው መኪና ርካሽ ቢሆንም ተይው። ብዙ ኩባንያዎች ለእንዲህ ያለ መኪና ኮሊዥንና ኮምፕረሄንሲቭ አይሸጡም፤ ከሸጡም ቢጠፋ የሚከፍሉት ትንሽ ነው።

ትምህርትሽ ገንዘብ ነው። ከ25 ዓመት በታች ሆኖ ሙሉ ጊዜ የሚማርና አማካይ ውጤቱ ቢ ወይም 3.0 የሆነ ተማሪ በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ቅናሽ ያገኛል። በኮሌጅሽ ሙሉ ጊዜ የሚባለው በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው፤ በሥራ ምክንያት ወደ ዘጠኝ ዝቅ ልታደርጊ ካሰብሽ ቅናሹን ልታጪ እንደምትችዪ አስቢበት። የውጤት ወረቀቱን አንድ ጊዜ መላክ አይበቃም፤ ኩባንያው በየጊዜው ማደስ ይፈልጋል፣ ሳይታደስ ሲቀር ቅናሹ ማንም ሳይነግርሽ ይነሣል። ስቴት ፋርም ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ሹፌሮች ስቲር ክሊር የሚባል ሥልጠና አለው፤ አደጋና ቅጣት ከሌለብሽ ጨርሰሽ ቅናሽ ታገኛለሽ። ታናሽ ወንድምሽም መንዳት የሚጀምርበት ጊዜ ቅርብ ነው፦ ቨርጂኒያ በ15 ዓመት ከስድስት ወር የልምምድ ፈቃድ ይሰጣል። እርሱ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ መኪናውን እዚህ ከተወው፣ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ለሚማር ልጅ የሚሰጥ ሌላ ቅናሽ አለ።

በስልክ መተግበሪያ አነዳድሽን የሚከታተለውን ፕሮግራም በተመለከተ ለአንቺ የምሰጠው መልስ ለሌላ ሰው ከምሰጠው ይለያል። ስምንት ወር ብቻ መዝገብ ላይ ላለሽ ልጅ በደንብ እንደምትነጂ ማሳያ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። መተግበሪያው የሚመዝነው ድንገተኛ ፍሬን፣ ፍጥነት፣ እየነዱ ስልክ መንካትንና የሚነዳበትን ሰዓት ነው። የአንቺ ችግር ሰዓቱ ላይ ነው፤ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት አካባቢ መንዳት ነጥብ ያስቀንሳል። ፈረቃሽ ከእኩለ ሌሊት በፊት አልቆ ቤት የምትደርሺ ከሆነ ግቢበት። አልፎ የሚያልቅ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ፦ «ሰዓት ትቆጥራላችሁ?» እና «በውጤቱ ምክንያት ዋጋዬ ሊጨምር ይችላል?» ለምሳሌ የፕሮግረሲቭ ስናፕሾት ዋጋ ሊጨምርም ይችላል፤ የስቴት ፋርሙ ድራይቭ ሴፍ ኤንድ ሴቭ ደግሞ ቅናሽ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በሌላ ሰው መኪና ስትሄጂ መተግበሪያው አንቺ እየነዳሽ መስሎት ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ተሳፋሪ እንደነበርሽ እየገባሽ አስተካክዪ።

አዲስ መኪኖች ሳትጠየቂ የሚልኩትም መረጃ አለ። ጀነራል ሞተርስ የሹፌሮችን የፍሬንና የፍጥነት መረጃ ያለ በቂ ፈቃድ እንደሸጠ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 ይፋ አድርጎ፣ ለአምስት ዓመት ለሸማች መረጃ ድርጅቶች እንዳይሰጥ የሚያግድ ትእዛዝ አቅርቧል። ያ መረጃ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። መኪና ስትገዢ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚመጣውን «እስማማለሁ» ሁሉ አትጫኚ።

የብድር ታሪክ በአንድ ወር አይገነባም፤ ግን ዛሬውኑ ጀምሪው። በማስያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ አውጥተሽ ትንሽ እየተጠቀምሽ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ክፈዪ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ኩባንያውን እንደገና እንዲያየው ጠይቂ። የኢንሹራንስ ዋጋ መጠየቅ የብድር ነጥብሽን አይቀንስም፤ ስለዚህ አምስት ቦታም ብትጠይቂ አትፍሪ። የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው የወር ክፍያ ወጪውን ያስቀራል፤ ተጨማሪ ቅናሽም አለው። ወላጆችሽ ዕቁብ ካላቸው፣ የእናንተ ዕጣ የሚወጣበትን ወር ከፖሊሲው እድሳት ጋር ማገጣጠም የሚሆን ነገር ነው፤ ያደረጉት ቤተሰቦች አሉ።

ቅጣት ግን ሁሉንም ያፈርሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል በላይ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው፤ በዲ.ኤም.ቪ. መዝገብም 11 ዓመት ይቆያል። 70 ማይል በተፈቀደበት አይ-95 ላይ 86 መንዳት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይመስላል፤ ሕጉ ግን ይህ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም ከጥር 2021 ጀምሮ 125 ዶላር፣ ሲደገም 250 ዶላር ያስቀጣል። ስምንት ሰዓት የሚፈጀው የሹፌሮች ማሻሻያ ትምህርት በዲ.ኤም.ቪ. መዝገብሽ ላይ አምስት መልካም ነጥብ ይጨምርልሻል፤ የኢንሹራንስ ዋጋ ግን ሌላ ሂሳብ ነው፤ ገንዘብ ከፍለሽ ከመግባትሽ በፊት ኩባንያሽ ቅናሽ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ።

ስታወዳድሪ ሁለት ዓይነት ወኪል እንዳለ እወቂ። እንደ ስቴት ፋርም ያሉት ወኪሎች የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ነፃ ወኪሎች ደግሞ የብዙ ኩባንያዎችን ዋጋ ያወጣሉ፤ ኢሪ የሚባለው ኩባንያ የሚሸጠው በእነዚህ በኩል ነው። ከሁለቱም ጠይቂ፤ በኢንተርኔት ብቻ ከሚሸጡትም ጨምሪ። ወላጅሽ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ከሆነ የጦር አባላትንና ቤተሰቦቻቸውን የሚያገለግለውን ዩ.ኤስ.ኤ.ኤ.ን አትዝለዪ። ለሁሉም የምትሰጪው መረጃና የምትጠይቂው ሽፋን አንድ ዓይነት ይሁን፤ ካልሆነ የምታወዳድሪው የተለያየ ነገር ነው። ፖሊሲው ከሚጀምርበት ቀን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ኩባንያዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። በሰው በሰው የሚገኝ፣ ፈቃዱን የማያሳይ፣ ገንዘቡን በእጅ ወይም በስልክ ወደ ግል ሂሳቡ ላኪልኝ የሚል «ዋጋ አስወራጅ» ካጋጠመሽ ሽሺ። የሚሰጥሽ ካርድ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ማመልከቻሽን በውሸት ሞልቶት ይሆናል፤ ተጠያቂዋ ግን አንቺ ነሽ። የወኪል ፈቃድ በቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል።

ቅዳሜና እሑድ ምግብ ለማድረስ ካሰብሽ ሳትጀምሪ ለኩባንያሽ ተናገሪ፤ የግል ፖሊሲ ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። 25 ዓመት ሲሞላሽ ዋጋው በራሱ ይወድቃል ብለሽም አትጠብቂ። ልምድሽ ሲጨምር በየእድሳቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድሽ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ሁሉንም ኩባንያ እንደ አዲስ መጠየቅ ይገባሻል፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ሌላ መደብ ውስጥ ያስገቡሻል።

አንድ የቀረኝ ነገር በክረምት እረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ልጆች ጉዳይ ነው። ሁለት ወር አልነዳም ብለሽ ኢንሹራንሱን ብቻ ብታቋርጪ፣ ዲ.ኤም.ቪ. ኢንሹራንስ የሌለው የተመዘገበ መኪና ብሎ ያይሻል፤ ስትመለሺም ክፍተት ያለበት ታሪክ ይዘሽ በጨመረ ዋጋ ትጀምሪያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ለወኪልሽ ደውለሽ በአባትሽ ፖሊሲ ላይ እንዳለሽ መኪናው በቆመበት ጊዜ ሽፋኑ ምን ያህል ሊቀነስ እንደሚችል ጠይቂ። የግድ ማቋረጥ ካለብሽ ግን ሰሌዳውን መጀመሪያ በዲ.ኤም.ቪ. አስቦዝኚ፤ ኢንሹራንሱን የምታቋርጪው ከዚያ በኋላ ነው።